ስንት ጊል አለ? ስለ ስም ገጾች አንድ ትችት

ሁለት ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ዴቪድ ጊል ነው። በ1843 በስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። በ1877 ማርስ ወደ ምድር ቀረብ ስትል አሴንሽን ወደምትባል የአትላንቲክ ደሴት ሄዶ፣ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት ለማስላት የማርስን ቦታ በሰማይ ላይ ሲለካ ከረመ። ሁለተኛው ጃስዋንት ሲንግ ጊል ነው። የፑንጃብ ሰው፣ የማዕድን መሐንዲስ። በ1989 በህንድ፣ ራኒጋንጅ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በውኃ ተጥለቅልቆ ሠራተኞች ከመሬት በታች ሲቀሩ፣ ከላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የብረት ካፕሱል እንዲሠራ አደረገ። ከዚያ ራሱ በካፕሱሉ ወረደ። 65 ሰው ተራ በተራ ወጣ። (እኔም መሐንዲስ ስለሆንኩ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ አትፍረዱብኝ።)

እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዛመዳሉ? አይዛመዱም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ስማቸው ፊደል በፊደል አንድ ነው። አሁን እስቲ የቤተሰብ ስም ትርጉም ከሚያቀርቡት ድረ ገጾች አንዱን ክፈቱና «ጊል» ብላችሁ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ አራት ነገር ነው፦ የአንድ መስመር ትርጉም፣ የአንድ ንጉሥ ታሪክ፣ «በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው ይህን ስም ይዟል» የሚል ቁጥር፣ እና ቀለም የተቀባ የዓለም ካርታ። ያምራል። ሰው ደግሞ ያምነዋል፤ ካርታና ቁጥር ያለበትን ነገር የማያምን ማን አለ?

እኔ በእነዚህ ገጾች ላይ ቅሬታ አለኝ። ትርጉሙ ግማሽ እውነት ነው። የንጉሡ ታሪክ ከየት እንደመጣ ሳይነገረን የተገለበጠ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ዘመድ ሳይሆን አጻጻፍ ነው የሚቆጥረው። «ምን አገባህ፣ መዝናኛ ገጽ አይደል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ሆስፒታልና ኤምባሲ ድረስ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስሙን እንወቀው። የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር ለአብዛኞቻችን ግር ይላል፤ እኛ ዘንድ የለማ። ሁለተኛው ስሜ የአባቴ፣ ሦስተኛው የአያቴ ነው፤ ልጅ ስወልድ ደግሞ የእኔ ስም የእሱ ሁለተኛ ይሆናል። ስለዚህ በስም ገጾች ላይ «ተስፋዬ» የኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም ተብሎ ከነቁጥሩ ተቀምጦ ስታዩ ሳቅ ይመጣባችኋል። ተስፋዬ የሚባል ቤተሰብ የለም፤ ተስፋዬ የሚባሉ ብዙ አባቶችና አያቶች ናቸው ያሉት። ይቺን ሳቅ አትርሷት፤ ሌላው ሰው በስሙ ሲቆጠርም ያው ነገር ሊደርስበት ይችላል።

ፑንጃብ በፋርስኛ «አምስት ውኃ» ማለት ነው፣ አምስት ወንዞቹን ለማለት። ከ1947 ጀምሮ ግማሹ ፓኪስታን፣ ግማሹ ህንድ ነው። እዚያ «ጎት» የሚሉት ነገር አለ፤ በእኛ አነጋገር ጎሳ ወይም የዘር ቤት ብንለው ይቀርባል። ጊል፣ ሳንዱ፣ ሲዱ፣ ዲሎን፣ ግሬዋል ሁሉም የጎት ስሞች ናቸው። የጎት ዋና ሥራ ፓስፖርት ላይ መጻፍ አልነበረም። ዋና ሥራው ጋብቻን መቆጣጠር ነበር። በተለይ በጃት ገበሬዎች ወግ የራስን ጎት፣ የእናትን ጎት፣ የአባትን እናት ጎት፣ የእናትን እናት ጎት ማግባት አይፈቀድም። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ትውልድ እንቆጥራለን፣ እነሱ አራት ስም ያመሳክራሉ። (እንደ አልጎሪዝም ካያችሁት የእነሱ ይፈጥናል፤ የቤተ ዘመድ ጉባኤ አያስፈልገውም።)

እንግዲህ ጎት ሰርግ ሲመጣ የሚጠየቅ እንጂ በየቀኑ ከስም ጋር የሚጠራ ነገር አልነበረም። እንዲያውም በሲኮች ዘንድ ጎትን አለመጥራት ራሱ ትርጉም አለው። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 በአናንድፑር ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ በሲኮች ወግ መሠረት፣ ወንዱ ሁሉ «ሲንግ»፣ ሴቷ ሁሉ «ካውር» ተባሉ። ሲንግ አንበሳ ነው፤ ካውር ብዙ ጊዜ ልዕልት ተብሎ ይተረጎማል። ሐሳቡ ሰው በስሙ ብቻ የማን ዘር እንደሆነ እንዳይመዘን ነው። ስለዚህ አንድ ሲክ «ጊል» የሚለውን መጨረሻ ላይ ሲጽፍ፣ ሃይማኖቱ ወደ ጎን ያደረገውን ነገር የቢሮ ፎርም መልሶ አስጽፎት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ትርጉሙ። ገጾቹ «ጊል በፑንጃብኛ እርጥበት ማለት ነው» ይላሉ። በፑንጃብኛ «ጊላ» በእርግጥ እርጥብ ማለት ነው። በኦክስፎርድ የታተመው የአሜሪካ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ይላል፤ ግን «ምናልባት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያቺ «ምናልባት» ከመጽሐፉ ወጥታ ስክሪን ላይ እስክትደርስ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ዋናው ብልሽት ይሄ ነው። የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። ጊል በፋርስኛ ጭቃ ነው፣ በዕብራይስጥ ደስታ ነው፣ ቫይኪንጎች ይናገሩት በነበረው በጥንቱ ኖርስ ደግሞ ጠባብ ገደላማ ሸለቆ ነው። እኔም ተነሥቼ «ገደል የሚለው የአማርኛ ቃል ከኖርስ መጣ» ልበላችሁ? ገ አለው፣ ል አለው፣ ትርጉሙም ገጥሟል! በዚህ መንገድ የፈለግነውን ከፈለግነው ጋር ማጋባት እንችላለን።

ስለ አጻጻፉም ትንሽ ልበል፤ የምወደው ክፍል ስለሆነ። በህንድ ፑንጃብ ጉርሙኪ በሚባል ፊደል ይጽፋሉ። ጉርሙኪ ድምፅ ሲጠብቅ ከላይ ምልክት ያደርጋል፣ «አዳክ» ይሉታል፤ የጊል ልም ጠብቃ ስለምትነበብ አዳክ አላት። የእኛ ፊደል ይህ የለውም፤ «ገና» ብዬ ብጽፍላችሁ በዓሉን ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለውን፣ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምታውቁት። በፓኪስታን ደግሞ ሻሙኪ በሚባል ከፋርስና ከዐረብ ፊደል በመጣ አጻጻፍ ይጻፋል። እዚያ አጫጭር አናባቢዎች ብዙ ጊዜ ስለማይጻፉ ጊል የሚቀረው ሁለት ፊደል ነው፦ ገ እና ለ። እነዚያው ሁለት ፊደሎች «ጉል» ተብለውም ይነበባሉ፤ ጉል አበባ ማለት ነው፣ በፓሽቱኖች ዘንድም የተለመደ የሰው ስም ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ወይም አንድ ሶፍትዌር የፓኪስታን ስም ዝርዝር ይዞ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለብጥ አስቡት። አንዱ አበባ ጊል ሆኖ ይወጣል፣ አንዱ ጊል አበባ ሆኖ ይወጣል። ካርታው ላይ ግን ሁሉም አንድ ቀለም ነው።

የንጉሡ ታሪክ ላይ ስንደርስ ቅሬታዬ ይብሳል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጊል የሚባል ሰው በፌሮዝፑር አውራጃ ይኖር ነበር፤ ሸርጊል የሚባል ልጅ ነበረው፤ ዘሩ ጋር ሚቲላ ከሚባል ቦታ ንጉሥ ይመዘዛል፤ ንጉሡ ራጅፑት፣ ማለትም ከጦረኛ መሳፍንት ወገን ሲሆን የወለደው ከጃት ሴት ነው። ገጾቹ ይህን እንደ ታሪክ ያቀርቡታል። የተጻፈው የት ነው ብላችሁ ብትከታተሉ ግን ኤች. ኤ. ሮዝ የተባለ የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ከ1911 እስከ 1919 ባወጣው የፑንጃብ ጎሳዎችና ካስቶች መዝገበ ቃላት ላይ ታገኙታላችሁ። ሦስት ወፍራም ጥራዝ ነው። እሱም በአብዛኛው የተመሠረተው ዴንዚል ኢቤትሰን በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ በጻፈው ሪፖርት ነው።

ሮዝን ማንበብ አትተዉ፤ ሀብታም መጽሐፍ ነው። ግን በምን ወቅት እንደተጻፈ እያሰባችሁ አንብቡት። በፑንጃብ በ1900 የመሬት ዝውውር ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ «ገበሬ ጎሳዎች» ብሎ ስም ዝርዝር አወጣ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ከእነሱ መሬት እንደልቡ መግዛት አይችልም። የእንግሊዝ ጦርም «ተዋጊ ዘር» ብሎ ከመረጣቸው ወገኖች ነበር ወታደር የሚመለምለው። አሁን እናንተ በዚያ ጊዜ የአንድ ጎሳ ሽማግሌ ናችሁ እንበል። ባለሥልጣን ደብተር ይዞ መጥቶ «አባቶቻችሁ እነማን ነበሩ?» አላችሁ። የእረኛ ልጅ ነን ትላላችሁ ወይስ የንጉሥ? ይህ የጊል ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ራጅፑት አባት፣ ጃት እናት የሚለው ታሪክ በብዙ የጃት ጎቶች ዘንድ ተደጋግሞ ይገኛል። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ደረሰ ከማለት፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ጥቅም ነበረው ማለት ይቀላል።

የሚገርመው ኢቤትሰን ራሱ ጠርጣራ ነበር። ስለ ፑንጃብ ካስቶች የሚያወራውን ክፍል ሲጀምር ምንም እንደማያውቅ፣ ይህን አለማወቁንም በእርግጠኝነት እንደማይናገር ይቀልዳል። ስለ አንድ ካስት በአንድ አውራጃ እውነት የሆነው ነገር በሌላው አውራጃ ውሸት ሆኖ እንደሚገኝም ያስጠነቅቃል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ፤ ጥርጣሬው ጠፍቶ ንጉሡ ቀረ።

ሮዝ የጊሎች ዋና መቀመጫ የላሆርና የፌሮዝፑር አውራጃዎች ይመስላሉ ይላል። በ1947 ድንበሩ በሁለቱ መካከል አለፈ፦ ላሆር ወደ ፓኪስታን፣ ፌሮዝፑር ወደ ህንድ። ስለዚህ ዛሬ ጊል የሚባል ሲክ አለ፣ ሂንዱ አለ፣ ሙስሊም አለ። እና ገጾቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሏቸው ሌሎች ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛ፣ ማዝሃቢ ሲክ የሚባሉት፣ በካስት ሥርዓቱ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ከነበሩ ቤተሰቦች የመጡ ሲኮች፤ በእነሱም ዘንድ ጊል የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ የፓኪስታን ክርስቲያኖች። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በሲያልኮት አካባቢ በጣም ብዙ ሰው ክርስትናን ተቀበለ፤ አብዛኞቹ ከእነዚያው ዝቅ ከተደረጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ዛሬ ጊል፣ ባቲ፣ ሳንዱ የሚባሉ ክርስቲያኖች በፓኪስታን ብዙ ናቸው። «ጊል የጃት ሲክ ስም ነው፣ ከራጅፑት ንጉሥ የመጣ» የሚለው ገጽ እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ከራሳቸው ስም ያስወጣቸዋል። በአብዛኛው መሬት የሚከለክለው ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም፤ አሁን ደግሞ ስክሪኑም ላይ የሉም።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ። አንድ መሐንዲስ ከማንኛውም መለኪያ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ነገር የሚለካው ምኑን ነው?» ብሎ ነው። የስም ገጽ የሚቆጥረው በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት የተጻፉ ሰዎችን ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል የማይገቡት ይገባሉ። የእንግሊዙ ጊል ራሱ አንድ አይደለም፤ በሰሜን እንግሊዝ ያው የኖርሱ ሸለቆ አጠገብ ይኖር የነበረ ሰው ነው፣ ሌላ ቦታ ጃይልስ ወይም ዊልያም የሚለው ስም ሲያጥር የቀረ ነው፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ደግሞ በጌይሊክ «የአገልጋይ ልጅ» ከሚል ስም ያጠረ ነው። በሌላ በኩል መግባት የነበረባቸው አይገቡም። በመዝገብ ላይ «ሲንግ» ወይም «ካውር» ብቻ ተብለው የቀሩ ጊሎች አሉ። የመንደራቸውን ስም የሚጽፉም አሉ። ይህ በሁሉም ጎት ያለ ነገር ነው፤ ፑንጃብን ደጋግመው ያስተዳደሩት ፓርካሽ ሲንግ ባዳል በጎታቸው ዲሎን ነበሩ፣ ባዳል የመንደራቸው ስም ነው። በስም የሚቆጥር ሶፍትዌር ዲሎን ውስጥ አያገኛቸውም።

ደግሞስ ቁጥሩ ከየት መጣ? ህንድ በሕዝብ ቆጠራዋ የቤተሰብ ስሞችን ቆጥራ አታወጣም። ብታወጣስ? በ1931 ቆጠራ የተመዘገቡት ካስቶች 4147 ነበሩ። በ2011 መንግሥት ለብቻው ባካሄደው የኑሮና የካስት ጥናት ሰው ካስቱን እንደፈለገው እንዲናገር ሲጠየቅ የተሰበሰበው ስም ከ4.6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ80 ዓመት ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ካስት አልተወለደም። ንዑስ ጎሳው፣ የቤተሰብ ስሙ፣ የፊደል ስሕተቱ ሁሉ አንድ አንድ መስመር ሆኖ ነው። የስም መረጃ እንዲህ የተዝረከረከ ሆኖ ሳለ አንድ ገጽ የጊልን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ ሲጽፍላችሁ ጠርጥሩ። ርዝመትን በእርምጃ ለክቶ ውጤቱን በሚሊሜትር እንደሚነግራችሁ ሰው ነው።

«እሺ፣ ግን ብዙ ሰው ከያዘው ትልቅ ዘር ነው ማለት አይደል?» አይደለም። ይህን ቤታችሁ በሳንቲም መሞከር ትችላላችሁ። ጥያቄው የቆየ ነው፤ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን በ1874 ጽሑፍ አውጥተውበታል፣ የቤተሰብ ስሞች ለምን ይጠፋሉ ብለው። 100 የተለያየ ስም ያላቸው 100 ወንዶች አስቡ፤ ስሙ በወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሳንቲም ወርውሩ፤ ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ወንድ ልጅ ወለደ በሉ። በአማካይ ለአንድ ሰው አንድ ልጅ ነው፣ ማንም ከማንም አይበልጥም። በመጀመሪያው ትውልድ 25 ያህል ስሞች ይጠፋሉ፣ ሁለቱም ሳንቲም ጎፈር የሚወጣበት ዕድል አንድ አራተኛ ስለሆነ። እስከ ሁለተኛው ትውልድ 39 ያህል፣ እስከ ሦስተኛው 48 ያህል ይጠፋል። የቀሩት ስሞች ደግሞ የጠፉትን ቦታ ይዘው ይበዛሉ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ንጉሥ የለም፣ ጀግና የለም፤ ሳንቲም ብቻ ነው። ግን ጨዋታው ሲያልቅ ትልልቅ «ቤተሰቦች» ይኖሯችኋል። (ዋትሰን ስሌቱ ላይ ተሳስቶ፣ ሕዝብ እያደገም ቢሆን ስሞች ሁሉ በመጨረሻ ይጠፋሉ ብሎ ደምድሟል። ሕዝብ ሲያድግ የተወሰኑ ስሞች ለዘለቄታው መትረፍ ይችላሉ። ታላላቅ ሰዎችም ማባዛት ላይ ይሳሳታሉ።) ጎት ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመራል፦ ስሙን ያለ መወለድም ማግኘት ይቻላል።

ለምሳሌ ከኤምባሲ። በ2007 የወጣ ዜና ነው። ኒው ዴልሂ የሚገኘው የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽን ለስደት አመልካቾች ይልከው የነበረ ደብዳቤ፣ ሲንግ ወይም ካውር ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ለካናዳ ኢሚግሬሽን እንደማይበቃ ይገልጽ ነበር፤ ሌላ ስም አምጡ ማለት ነው። ምክንያቱ ሲንግ የሚባል ሰው በጣም ስለበዛ ፋይል ይምታታል የሚል ነው። አሠራሩ ወደ 10 ዓመት ገደማ እንደቆየ ተዘገበ፤ ሲኮች ተቃወሙ፤ መሥሪያ ቤቱም በዚያው በሐምሌ ወር ደብዳቤው በደንብ ያልተጻፈ ነበር ብሎ አሠራሩን ተወ። አሁን አስቡት፦ በትምህርት ማስረጃው ላይ ሲንግ የነበረ ሰው ቶሮንቶ ወይም ቫንኩቨር ሲያርፍ በጎቱ ጊል፣ ሲዱ ወይም ዳሊዋል ሆኖ ነው። በ2021 ቆጠራ ካናዳ ውስጥ 771,790 ሲኮች ነበሩ። የስም ገጹ ካርታ ላይ ካናዳ ደምቃ ስትታይ የምታዩት ቀለም ከፊሉ የዘር ነው፣ ከፊሉ የፎርም ነው። ገጹ ግን «የጊል ቤተሰብ ወደ ካናዳ ተስፋፋ» ብሎ ያልፋል።

ቪዛ ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ፊት ቆሞ የአያቱን ስም የጻፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክመኝም። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» አየር መንገድ ላይ ሲጠየቁ አይታችኋል።

ሆስፒታሉስ? እንግሊዝ ውስጥ በሕክምና መዝገብ ላይ የታካሚው ዘር ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ይቀር ነበር። ተመራማሪዎች ደግሞ የደቡብ እስያ ተወላጆች የትኛው በሽታ እንደሚበረታባቸው ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም በእነሱ ላይ እንደሚበዛ የታወቀ ነው። ስለዚህ ስም አንብቦ የሚገምት ሶፍትዌር ተሠራ፤ «ናም ፔህቻን» እና «ሳንግራ» የሚባሉት ይጠቀሳሉ። ለሲዱ ወይም ለፓቴል ይሠራል። ጊል ላይ ሲደርስ ይቸገራል።

ችግሩን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለልምምድ ያህል እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው። በአንድ የሰሜን እንግሊዝ የገጠር ከተማ 100 ጊል አለ፣ ከእነሱ 5ቱ የፑንጃብ ተወላጆች ናቸው። በሌላ ትልቅ ከተማ 100 ጊል አለ፣ 95ቱ የፑንጃብ ናቸው። «ጊል ሁሉ ፑንጃብ ነው» የሚል ሕግ በመጀመሪያው ከተማ 95 ሰው ይሳሳታል፣ በሁለተኛው 5 ብቻ። ስለዚህ ቦታውንም ማየት ያስፈልጋል። የራስ ስምም ይረዳል፦ ሃርፕሪት ጊል ከሆነች ጥያቄ የለም፤ ጆርጅ ጊል ከሆነ እንግሊዛዊ ነው ብሎ ሶፍትዌሩ ያልፈዋል።

አሁን ግን ከሲያልኮት የመጣውን ክርስቲያን አስቡት። ስሙ ጆርጅ ጊል ሊሆን ይችላል። የራሱ ስም የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም የእንግሊዝ ነው፣ ሁለተኛው ስሙም እንግሊዛዊ ይመስላል። ሰውየው ፑንጃብኛ ይናገራል፣ የስኳር ሕመሙም የደቡብ እስያ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ከንጉሡ ታሪክ የተዘለለው ሰው ከሆስፒታሉ ስሌትም ተዘለለ ማለት ነው። የስም ገጽ ላይ የምናገኘው «ጊል ማለት እንዲህ ነው» የሚል አንድ መስመር ጉዳት የለውም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ይህ ሰው ነው። አልጎሪዝም የሚጽፍ ተማሪም መጀመሪያ የሚያነበው ያንኑ አንድ መስመር ነው።

ሁሉም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ያ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ጊልን ለየምንጩ ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል፤ እንግሊዙን ለብቻ፣ ጌይሊኩን ለብቻ፣ አይሁዱን ለብቻ፣ ፑንጃቡን ለብቻ። ራምጋሪያ በሚባሉት፣ በአናጺነትና በብረት ሥራ በሚታወቁ ሲኮች ዘንድም ጊል የሚባል ጎሳ እንዳለ ይጠቅሳል፤ ስለ ክርስቲያኖቹ ግን ከእሱ አትጠብቁ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮም ከ2000 እና ከ2010 ቆጠራዎች 100 ጊዜና ከዚያ በላይ የተገኙትን የቤተሰብ ስሞች ሲያወጣ፣ በየስሙ ፊት ሰዎቹ ራሳቸውን በምን ዘር እንደመዘገቡ በመቶኛ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጊል እዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ አይታጨቅም፤ በየዓምዱ ተከፋፍሎ ይታያል። ፋይሉ በነፃ ይወርዳል፣ በማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይከፈታል። ካርታ የለውም፣ አያምርም፣ ግን የሚለካውን ነገር ይነግራችኋል።

ከፈለጋችሁ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። አምሪታ ሸርጊልን ፈልጉ፤ በ1913 ቡዳፔስት የተወለደች፣ በ1941 ላሆር ያረፈች ታላቅ ሠዓሊ ናት፤ እናቷ ሃንጋሪያዊት፣ አባቷ ፑንጃባዊ ሲክ። የምትወዱትን የስም ገጽ ከፍታችሁ ስሟን በአንድ ኤልና በሰረዝ ሞክሩት፤ ከዚያ ያለ ሰረዝ፤ ከዚያ በሁለት ኤል፤ ከዚያ «ሸር»ን ትታችሁ «ጊል» ብቻ። የሚወጡላችሁን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። አባቷ ኡምራዎ ሲንግ ሸርጊል በአንዱ አጻጻፍ ውስጥ አሉ። የአባቷ ወንድም፣ የአንድ አባት ልጅ፣ ሰር ሱንዳር ሲንግ ግን በአንዳቸውም የሉም፤ አምሪትሳር አጠገብ ባለችው በማጂታ ስም «ማጂቲያ» ተብለው ነው የተመዘገቡት።